በእጅ ተይዞ ያመለጠ ዝርያ፦ የፓናማው የዛፍ እንቁራሪት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2016 ጠዋት፣ አሜሪካ ውስጥ በአትላንታ የእጽዋት ማዕከል አንድ ወንድ እንቁራሪት ሞቶ ተገኘ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከጫካ ሲመጣ አዋቂ ስለነበር ዕድሜው በግምት ነው የሚነገረው፤ ወደ 12 ዓመት ይሆነዋል ተብሏል። ከዝርያው በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው እሱ ብቻ ነበር።

ዝርያው በሳይንሳዊ ስሙ ኤክኖሚዮሃይላ ራቦረም ይባላል። ተመራማሪዎች ያገኙት በ2005 ፓናማ ውስጥ ነው። በይፋ ተገልጾ ስም የወጣለት በ2008 ነው። በ2016 የሚታወቀው የመጨረሻው ሞተ። ሰው ካወቀው ጊዜ ጀምሮ እስኪጠፋ 11 ዓመት ብቻ ነው የቆየው።

ብዙ ዝርያዎች ሰው ሳያያቸው፣ ወይም እያየ ችላ ብሏቸው ጠፍተዋል። ይሄኛው ግን የተለየ ነው። አደጋው እንደሚመጣ ታውቆ ነበር። ከየት በኩል እንደሚመጣም ታውቆ ነበር። ሰዎች ቀድመው ደርሰው እንስሶቹን በእጃቸው አስገብተዋል። ሆኖም ዝርያው አልተረፈም። ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ የፈለግኩት ለዚህ ነው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም።

የት ይኖር ነበር? እንዴትስ ይኖር ነበር?

ከፓናማ ሲቲ በስተምዕራብ ኤል ቫዬ ዴ አንቶን የሚባል ከተማ አለ። ከተማው የተቆረቆረው በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ዙሪያውን ተራራ ከቦታል። ተራሮቹን ደግሞ ጉም የማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ይሸፍናቸዋል። እንቁራሪቱ የሚታወቀው ከዚሁ አካባቢ ብቻ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ900 እስከ 1,150 ሜትር ባለው ከፍታ። እኛ አገር ይህ ከፍታ ቆላ ነው። እዚያ ግን ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው፤ የዛፍ ግንድ ሁሉ ሳረንስት (ሞስ) ለብሶ ነው የሚታየው።

ለዛፍ እንቁራሪት ትልቅ የሚባል ነው። ርዝመቱ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቀለሙ ቡናማ ሆኖ አረንጓዴ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ነው። ሳረንስት በያዘ ግንድ ላይ ከተቀመጠ ዓይን አይለየውም። መጀመሪያ ትኩረት የሚስበው እጅና እግሩ ነው። ከገላው ጋር ሲተያዩ ከልክ በላይ ትልልቅ ናቸው። የጣቶቹ ጫፍ ሰፊና ክብ ነው፤ እንደ መጣበቂያ ሆኖ ያገለግለዋል። በጣቶቹ መካከል እስከ ጫፍ የሚደርስ ስስ ቆዳ ተወጥሯል። ከዛፍ አናት ሲዘል አራቱንም ይዘረጋና አየሩን እየቀዘፈ በሰያፍ ይወርዳል። መሬት የሚነካው እምብዛም ነው። የሚበላው፣ የሚጋባው፣ የሚወልደውም እላይ ነው።

ልብ የሚነካው ግን የአስተዳደጉ ነገር ነው። በትልልቅ ዛፎች ግንድ ላይ በተፈጥሮ የተቦረቦረ ጉድጓድ ይኖራል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ያቁራል። ወንዱ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ይይዛል። ማታ ማታ አፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሴት ይጠራል። ሴቷ ትመጣና ከውኃው ከፍ ብሎ የእንጨቱ ግድግዳ ላይ እንቁላሏን ታጣብቃለች፤ ከ60 እስከ 200 የሚሆን። ከዚያ ትሄዳለች። ጠባቂው አባት ነው።

ከእንቁላሉ የሚወጡት ጭራማ ግልገሎች (ትምህርት ቤት ታድፖል ስንላቸው የነበሩት) ውኃው ውስጥ ይወድቃሉ። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ ውስጡ የሚበላ ነገር አይበዛም። ስለዚህ አባት ማታ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ በጀርባው ወደ ኋላ እያለ ቀስ ብሎ ውኃው ውስጥ ይገባል። ግልገሎቹ ይሰበሰቡበታል። በትንንሽ አፋቸው የገላውን ቆዳ ፋቅ ፋቅ እያደረጉ ቅርፍት ቅርፍቱን ይበላሉ። እሱ ዝም ብሎ ይቀመጥላቸዋል። እንዲህ ያለ አመጋገብ ከዚያ በፊት በእንቁራሪት ግልገሎች ላይ አልታወቀም ነበር። ልጁን ከገላው ቆዳ የሚያበላ አባት! ስለ እንቁራሪት ያለን ግምት ምን ያህል ዝቅተኛ እንደሆነ የተረዳሁት ይህን ሳነብ ነው።

ይህን ዝርዝር ያዙልኝ። ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ችግሩ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ አሥርት ዓመታት በአውስትራሊያና በመካከለኛው አሜሪካ እንቁራሪቶች ያለ ምንም የሚታይ ምክንያት በጅምላ ይሞቱ ጀመር። ደኑ አልተመነጠረም። ወንዙ አልተበከለም። እንቁራሪቶቹ ግን የሉም። መልሱ የተገኘው በ1998 ነው፦ የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ። በአጭሩ ቢዲ ይሉታል።

እንቁራሪት በቆዳው ብዙ ሥራ ይሠራል። ውኃ የሚጠጣው በቆዳው ነው። በከፊልም ይተነፍስበታል። የገላውን የጨው ማዕድናት መጠን የሚያስተካክለውም በቆዳው በኩል ነው። ፈንገሱ ቆዳውን ሲይዘው ይህ ሥርዓት ይቃወሳል። የሶዲየምና የፖታሲየም መጠን ይወርዳል፤ በመጨረሻ ልብ ይቆማል። የፈንገሱ ስፖሮች (የሚራባባቸው ጥቃቅን ዘሮች) ደግሞ ውኃ ውስጥ ይዋኛሉ። አንድ የታመመ እንቁራሪት አንድ ጅረት ለመበከል ይበቃል።

በሽታው ከኮስታሪካ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ደረጃ በደረጃ ገሰገሰ። ተመራማሪዎች የሞት ሪፖርቶቹን ካርታ ላይ ሲያስቀምጡ በዓመት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚጓዝ ታያቸው። በ2004 መጨረሻ ኤል ኮፔ የሚባል የፓናማ ደን ደረሰ። እዚያ ከሚታወቁት 74 የእንቁራሪትና የዘመዶቹ ዝርያዎች 30ዎቹ ጠፉ። ከእነሱ ውስጥ አምስቱ ገና ስም እንኳ ያልወጣላቸው ነበሩ፤ መኖራቸው የታወቀው ቀደም ሲል ከተሰበሰቡ ናሙናዎች በዲኤንኤ ምርመራ ነው።

ከኤል ኮፔ እስከ ኤል ቫዬ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነበር። የቀረው ጊዜ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

በ2005 ከአትላንታ የእጽዋት ማዕከልና ከአትላንታ መካነ እንስሳ የተውጣጣ ቡድን ኤል ቫዬ ገባ። ዓላማው አንድ ነው፦ ፈንገሱ ከመድረሱ በፊት የቻሉትን ያህል ዝርያ ሰብስቦ ማውጣት። ሌሊት ሌሊት በባትሪ እየፈለጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁራሪቶች ያዙ። እርጥብ ሳረንስት በተነጠፈባቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃዎች ውስጥ አድርገው በአውሮፕላን ወደ አትላንታ ወሰዷቸው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት አትላንታ በእነዚያ ዓመታት የፓናማ እንቁራሪቶች መሸሸጊያ ነበረች ማለት ነው። የእኛም ባለጉዳይ በዚሁ ዘመቻ ነው የተገኘው። ቡድኑ ከዛፍ ላይ ያወረደውን ሲመረምር ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ሆኖ አገኘው።

እዚያው ኤል ቫዬ ውስጥ ደግሞ ማዕከል እየተሠራ ነበር። ግንባታው ሳያልቅ ፈንገሱ በ2006 ደረሰ። ሠራተኞቹ የሆቴል ክፍል ተከራዩ። እንግዳ የሚያድርበት ክፍል በእንቁራሪት ሳጥን ተሞላ። ውኃው ይቀየራል፣ ነፍሳት ይቀርባል፣ የታመመው ይለያል። ሕክምናው ለሰው የፈንገስ በሽታ የሚታዘዘው ኢትራኮናዞል ነበር፤ በቀጭኑ በጥብጠው እንቁራሪቶቹን ይነክሯቸዋል። ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ ድነዋል።

አትላንታ ላይ እንቁራሪቶቹ የተቀመጡት ሙቀቱና እርጥበቱ ቁጥጥር በሚደረግበት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። የሚገባ ሰው ጫማ ይቀይራል፣ እጁን ይታጠባል። ኮቪድ እንዳስተማረን ዓይነት ለይቶ ማቆያ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚጠበቀው ከውስጥ ያለው መሆኑ ነው።

ምን ሠራ?

ፈንገሱ የሚጓዝበትን ፍጥነት አስልቶ ቀድሞ መድረስ ሠርቷል። ሕክምናው ሠርቷል። ለይቶ ማቆያው ሠርቷል።

ከሁሉም ይልቅ ውጤት የታየው በሌላ እንቁራሪት ላይ ነው። ኤል ቫዬ ወርቃማ እንቁራሪት የሚባል ዝነኛ ነዋሪ ነበራት። ፓናማውያን እንደ ዕድል ምልክት ያዩታል፤ ምስሉ የሎተሪ ቲኬት ላይ ሳይቀር ይታተማል። ይህ ዝርያም ከዱር ጠፍቷል፤ እዚያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2009 ነው። በመካነ እንስሳት ውስጥ ግን ዛሬ ከሺህ በላይ አለ፤ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተወለደ ነው።

ለምን እሱ ተረፈ? በእኔ እይታ ዋናው ምክንያት ጊዜ ነው። የወርቃማውን እንቁራሪት የማራባት ሥራ የተጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ወረርሽኙ ኤል ቫዬ ከመድረሱ ዓመታት በፊት ነበር። ግልገሎቹ ምን እንደሚበሉ፣ ውኃው ምን ያህል መፍሰስ እንዳለበት በሙከራ ታውቋል። ለመሳሳትም ለመደጋገምም የሚበቃ እንስሳ ነበር። አደጋው ሲመጣ ሰዎቹ ሥራውን ያውቁት ነበር።

ምን አልሠራም?

ወደ ዛፍ እንቁራሪታችን እንመለስ። የተያዙት ጥቂት ነበሩ፤ ዛፍ አናት ላይ የሚኖርን እንስሳ መያዝ ከጅረት ዳር እንደመልቀም አይደለም። ከተያዙት ውስጥ ደግሞ ሴቶቹ አነሱ።

አትላንታ ውስጥ ግን መጋባት አልቀረም። እንቁላል ተጣለ፤ ግልገሎች ተፈለፈሉ። ሁሉም ሞቱ። አንድም ለአዋቂነት የደረሰ የለም።

እዚህ ላይ ነው ያ የአባት ቆዳ ነገር የሚመጣው። ይህ ዝርያ ግልገሎቹን በመኖ የሚያሳድግ አይደለም። ጠባብ፣ ጨለማ፣ እንጨት የቀለመበት ውኃ ይፈልጋል። የራሱ ጉድጓድ ያለውና በየሌሊቱ የሚገባ አባት ይፈልጋል። ከአባትየው ቆዳ ግልገሎቹ የሚያገኙት ምን እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያስፈልጋቸው ለማጥናት በጫካ ውስጥ ወቅቶችን መቁጠር ያስፈልግ ነበር። ያ ጊዜ አልነበረም። የዝርያው ስም በ2008 ሲታተም ጫካው ውስጥ ፀጥ ብሏል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የአንድ ወንድ ጥሪ የተሰማው በ2007 ነው። ያንንም ቢሆን ሰሙት እንጂ አላዩትም።

እንግዲህ የነፍስ አድን ዘመቻው እንስሳውን ያዘ፤ አኗኗሩን ግን አልያዘም። በኔ አስተሳሰብ የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው። ገንዘብ፣ ኮንቴይነር፣ መድኃኒት ሁሉ ነበር። የጎደለው ጫካ ውስጥ ተቀምጦ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

በ2009 የመጨረሻዋ ሴት ሞተች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ማስታመም ነበር። ሁለት ወንዶች ቀሩ፤ አንዱ በመካነ እንስሳው፣ አንዱ በእጽዋት ማዕከሉ።

በፌብሩዋሪ 2012 የመካነ እንስሳው ወንድ እየደከመ መጣ። እዚህ ላይ ከባድ ውሳኔ ተወሰነ። እንቁራሪት ከሞተ ገላው በፍጥነት ይበሰብሳል፤ ሌሊት ሞቶ ጠዋት ከተገኘ ከሴሎቹ የሚጠቅም ነገር ላይተርፍ ይችላል። ሐኪሞቹ ሥቃዩን ለማሳጠርም ናሙናውን ትኩስ እንደሆነ ለማቆየትም ሲሉ ሕይወቱ በሕክምና እንዲያልፍ አደረጉ። የሚከብድ ነገር ነው። ግን ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ያን ቀን ባይወስኑ የሚቀረው ፎርማሊን ውስጥ ያለ ገላ ብቻ ይሆን ነበር።

የቀረው ታፊ ይባላል። ስሙን ያወጣለት የአንድ ተንከባካቢ ትንሽ ልጅ ነው። ታፊ በእጅ መያዝ አይወድም ነበር፤ የያዘውን ሰው ቆንጥጦ እንዲለቀው ያደርገዋል። ከ2005 ጀምሮ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ዲሴምበር 2014 ላይ ግን አንድ ቀን ጠራ። ተንከባካቢው ቀርጾ አስቀረው። አጭር፣ የውሻ ውውታ የመሰለ፣ ደገም ደገም የሚል ድምፅ ነው። ሴት ነበር የሚጠራው። በምድር ላይ የምትመልስለት አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ የታወቀው

ፈንገሱ ሥራውን በፓናማ አላቆመም። በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በዚህ በሽታ ሰበብ የተመናመኑ 501 ዝርያዎችን ቆጥሯል። ከእነሱ ውስጥ 90ው ጠፍተዋል ተብሎ ይገመታል። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ የፈንገሱን መነሻ ምሥራቅ እስያ፣ የኮሪያ ልሳነ ምድር አካባቢ አድርሶታል። ወደ ሌላው ዓለም የተበተነው እንቁራሪት በሰው እጅ ከአገር አገር ሲሸጥና ሲጓጓዝ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። በ2018 ፓናማ ውስጥ የተሠራ ጥናት አንዳንድ ዝርያዎች ወደየጅረቶቻቸው እየተመለሱ መሆኑን አሳይቷል። ፈንገሱ አልደከመም፤ እንቁራሪቶቹ ናቸው የበረቱት። ጥቂት ዓመት ታግሶ የቆየ ዝርያ ዕድል ነበረው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ያቺ 2009 ላይ የሞተችው ሴት ትቆጨኛለች።

«እንቁራሪት ቢጠፋ ምን ቀረብን?» ለሚልም መልስ አለ። ኮስታሪካና ፓናማ ውስጥ እንቁራሪቶች በጠፉባቸው አካባቢዎች በቀጣዮቹ ዓመታት የወባ ሕሙማን ቁጥር ከፍ ማለቱ በ2022 በወጣ ጥናት ታይቷል። የትንኝ እጭም ትንኝም የሚበሉት ሲጠፉ ትንኝ ይበዛል።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ይህ ጉዳይ ሩቅ አገር የሆነ ነገር ሊመስል ይችላል። አይደለም። ያው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እንቁራሪቶች ላይ በስፋት መገኘቱ በ2012 ተዘግቧል። እኛ ዘንድ እንደ ፓናማ ያለ የጅምላ ሞት በዓይን አልታየም። ይሁንና ኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች አሏት፤ ከሦስት አንዱ በላይ የትም ሌላ አገር የለም። አንዳንዶቹ የሚኖሩበት ቦታ ከኤል ቫዬ ተራሮችም ያንሳል። ባሌ ሐረና ደን ውስጥ ብቻ የሚኖር ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ የሚባል ትንሽ ክብ እንቁራሪት አለ። ደኑ ደግሞ በግጦሽ፣ በእሳትና በሰፈራ እየተገፋ ነው።

የዛፍ እንቁራሪትም አለን፤ ሌፕቶፔሊስ የሚባለው ወገን። ከእነሱ አንዱ ዛፍ መውጣት ትቶ በደጋ ሣር መካከል አፈር ቆፍሮ ይኖራል። ሌላው ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ የሐረናን ዓይነት ደን ይወዳል። እነዚህ ዝርያዎች በዝናብ መጀመሪያ የት ይጠራሉ? እንቁላላቸውን የሚቀብሩት በየትኛው አፈር ነው? ከውኃው ምን ያህል ርቀው? ዛሬ ቦርሳ ይዞ ሄዶ መመልከት ይቻላል። ከኤል ቫዬ የምወስደው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ የመራቢያ አኗኗር ጥናት ከአደጋው በፊት እንጂ በአደጋው መሐል አይሠራም።

ሁለተኛው ነገር፣ ዝርያ ገና ደህና ሳለ ማራባት መለማመድ ነው። ሙከራ ግልገል ይፈጃል። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ይዞ ሙከራ የለም።

ሦስተኛው የናሙና ጉዳይ ነው። የኤል ኮፔ አምስት ስም የለሽ ዝርያዎች የታወቁት አንድ ሰው አስቀድሞ ቁራጭ ሥጋ አልኮል ውስጥ አስቀምጦ ስለነበር ነው። ከፈቃድ ጋር፣ በሥርዓት የተቀመጠ ናሙና ርካሽ ነው።

የቀረው የእያንዳንዳችን ነው። ደን ለደን የሚዞር አስጎብኚ፣ ተማሪ፣ ንብ አናቢ፣ ቡና ለቃሚ ሁሉ ፈንገሱን በጫማው ጭቃ ከጅረት ጅረት ሊያሻግር ይችላል። ጭቃውን አራግፎ ማጠብ፣ በበረኪና ውኃ ነከር ማድረግ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ ይበቃል፤ ፈንገሱ ድርቀት አይችልም። ሌሊት የሚጮህ እንቁራሪት የሰማ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ይቅረጸው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ዝናብ መኖር አለመኖሩን አብሮ ይጻፍ። ቅጂውን በአቅራቢያው ላለ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍል ይስጥ። እዚያ ያሉት ልጆች ዝርያውን ከድምፁ ሊለዩት ይችሉ ይሆናል።